የዘለልኳት መስመር

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 3

ሦስት ዩኒፎርም ሰፍቼ ጨረስኩ። መኪናው ዛሬም ክር እየበጠሰ አንጀቴን አሳረረው።

ባለቤቴ አውቶቡሱን ይዞ ስለሚያመሽ የማታው ጸሎት የእኔና የልጄ ነው። እኔ እመራለሁ፣ እሷ ትከተላለች። አባታችን ሆይ ላይ "እኛም የበደሉንን ይቅር እንደምንል" የምትለዋን ዛሬም ዘለልኳት። ዓመት ሊሞላኝ ነው። ታላቅ እህቴን ይቅር አላልኩም... ታዲያ ብያለሁ ብዬ እግዜርን ልዋሸው? አላደርገውም!

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 5

ጉድ ፈላ። በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያናችን ለመጀመሪያ ቁርባን ልጆቹን የምታስተምረው ሲስተር አስጠራችኝ። ልጄ ጸሎቱን ውልፍት ሳትል ወጥታዋለች... ያለዚያች መስመር። ሲያርሟት ደግሞ ክርክር! "እንደሱ አይባልም፤ እማዬ አትልም።" ልጆቹ ሳቁባት።

"እርስዎ ያስተምሯት" አልኩ።

"አስተምሬያታለሁ። አላመነችኝም። ከአንቺ አፍ ካልሰማች አትለውም። ካላለችው ደግሞ የዛሬ አሥር ቀን አትቆርብም።"

ነጩ ቀሚሷ ተቆርጦ መኪናው ላይ ተቀምጧል።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 6

"እግዜርን አኮረፍሽው እንዴ?" አለኝ ባለቤቴ። ቀልዱ ነው። አልሳቅኩም።

እናቴ የደከመች ቀን እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ። እህቴ አጠገቧ። "አባን ጥሪላት" ብዬ ሁለቴ ደወልኩ። አልጠራችም። "ቄስ ካየች ትደነግጣለች" ብላ! ዕድሜዋን ሙሉ ቅዳሴ ያልቀረባት ሴት ሳትናዘዝ፣ ዘይት ሳትቀባ ሄደች። ይሄ ይቅር ይባላል?

ልጄ ግን ምን አጠፋች...

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 7

እህቴ ቤት ሄድኩ። ደረጃውን ስወጣ ንግግሬን ስለማመድ ነበር። በሩን እንደከፈተች፣ ገና ሰላም ሳልላት፣ "ይቅር ብዬሻለሁ" አልኳት። እንደ ዳኛ።

"ማን ጠየቀሽ?" አለች።

የበሩን እጀታ እንደያዘች ቀጠለች።

"ቀብር ላይ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ገደልሻት አልሽኝ። ፈራሁ እንጂ አልገደልኳትም። እናቴም እኮ ናት። ከዚያ ቀን ወዲህ ገበያ ስወጣ ሰው ቀና ብዬ አላይም። ይሄንንስ ይቅር የሚልሽ ማነው?"

ገደልሻት ብያለሁ። አዎ፣ ብያለሁ። ዓመት ሙሉ የሷን ጥፋት ሳመነዥክ የራሴ አንድ ቀን ትዝ ብሎኝ አያውቅም። ደግሞ አሁንም ተናድጃለሁ። አባን መጥራት ነበረባት! ግን እሱ ሌላ፣ ይሄ ሌላ።

"ይቅር በይኝ" አልኩ።

"አስብበታለሁ" ብላ በሩን ዘጋችው።

ማታ ጸሎት ላይ መስመሯን አልኳት። ልጄ አንድ ዓይኗን ከፍታ፣ "ለካ አለ!" አለች።

እሑድ፣ ሚያዝያ 15

ልጄ ቆረበች። ቀሚሷ ትከሻው ላይ ትንሽ ሰፍቷታል፤ ማንም ልብ አላለም።

እህቴ አልመጣችም። ትናንትም ሄጄ ነበር። መጋረጃው ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ፤ አልከፈተችም።

"የበደሉንን ይቅር እንደምንል" የምትለዋን አሁን ጮክ ብዬ ነው የምላት። እኔ የምንተባተበው ከፊቷ ያለችው ላይ ነው፦ "በደላችንን ይቅር በለን።" ስንት ዓመት እንደ ውሃ ስጠጣት ኖሬ!

ባለቤቴ "ተያት፣ እልኸኛ ናት" ይላል። ትሁና። እኔስ የዚያችው እናት ልጅ አይደለሁ? ነገ ከሥራ በፊት እሄዳለሁ።