ለመጋቢ አምኜ የነገርኩት

እሑድ

መጋቢ ዛሬ ሲሰብክ ስሟን አልጠራም። ግን «ከሽማግሌዎቻችን የአንዱ ልጅ» አለ። የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች አምስት ነን። ከአምስታችን ሴት ልጅ ያለኝ እኔ ብቻ ነኝ።

ስብከቱ ስለ ጨለማ መንፈስ ነበር። «ልጅቱ ኮሌጇን አቋረጠች። ሦስት ቀን ሆስፒታል ተኛች። አሁን በመድኃኒት ነው የምትኖረው። ወገኖቼ፣ ይህ ነገር በእንክብል አይወጣም!» ጉባኤው አሜን አለ። እኔ ፊት ወንበር ላይ ነኝ። ዞር ብዬ ልጄን ላያት ፈራሁ።

ሊዲያ ከኋላ የሚዲያው ጠረጴዛ ላይ ነበረች። የመዝሙሩን ግጥም ስክሪን ላይ የምታወጣው፣ ስብከቱን በላይቭ የምታስተላልፈው እሷ ናት። ስለ ራሷ የተነገረውን በገዛ እጇ አስተላለፈችው ማለት ነው። በመጨረሻ ስዞር የጆሮ ማዳመጫው ጠረጴዛው ላይ ነው፣ ወንበሩ ባዶ።

ፓርኪንጉን ሁለት ጊዜ ዞርኩት። የለችም። ቤተ ክርስቲያናችን ካለበት ከአሌክሳንድሪያ የሜትሮ ባቡር ይዛ ብቻዋን ሲልቨር ስፕሪንግ ቤታችን ገብታለች። ባለቤቴ ውድነሽ ሕፃናት ክፍል እያስተማረች ስለነበር አልሰማችም። መኪና ውስጥ ነገርኳት። ድልድዩን ተሻገርን። ከዚያ «ማን ነገረው?» አለችኝ።

መልስ አልሰጠኋትም።

ሌላ ጊዜ እዚህ ደብተር ላይ እንኳ ስለ መጋቢ አብርሃም ስጽፍ «አሉ» እያልኩ ነበር። ዛሬ እጄ እምቢ አለ።

ሰኞ

ዝም ማለቴ ራሱ መልስ ሆነ። ውድነሽ ጠዋት ሻይዋን ሳትጨርስ «ሦስታችን ተባብለን አልነበረም?» አለችኝ። ተባብለናል። ልጃችን ሆስፒታል የገባች ሰሞን፣ ከእኛ ከሦስታችን ሌላ አንድም ሰው እንዳይሰማ ተስማምተናል። ሊዲያ ናት የጠየቀችን። እኔም እሺ ብያለሁ።

በሳምንቱ ግን መጋቢ ቢሮ ገብቼ ሁሉንም ዘረገፍኩት። ሸክሙን ብቻዬን አልቻልኩም። አለቀስኩ፣ አብሮኝ አለቀሰ። እጄን ይዞ «እዚህ ክፍል የተነገረ እዚሁ ይቀራል» አለኝ። ቃል በቃል ያለኝ ይሄንን ነው።

የውድነሽ እህት ከአዲስ አበባ ደወለች። እሷ ኦርቶዶክስ ናት፣ የኛን ስብከት አታይም። ጎረቤቷ ናት ቪዲዮውን ዩቲዩብ ላይ አይታ የላከችላት። «ጠበል ብትወስዷትስ?» አለች። ውድነሽ ስልኩን ዘጋችው።

ማታ የሊዲያን በር አንኳኳሁ። አልከፈተችም።

«ዳድ፣ አንተ ነህ አይደል?»

«አዎ።»

«ኦኬ።»

ይኸው ነው። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ማክሰኞ

ሥራ ገባሁ። የኩላሊት እጥበት ስሠራ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው፣ መርፌ ስወጋ እጄ ቀላል ነው ይሉኛል። ዛሬ ከሪቨርዴል ፓርክ የሚመጡት እማማ ፀሐይ ክንዳቸውን ሰበሰቡ። «ምነው ልጄ፣ ዛሬ እጅህ ከበደ» አሉኝ። ይቅርታ ጠይቄ ተረኛዋን ነርስ ጠራሁ። መጸዳጃ ቤት ገብቼ ፊቴን ታጠብኩ።

በእረፍቴ መጋቢን ሦስቴ ኮል አደረግሁት። ፒክ አላደረገም። ከሰዓት በኋላ ቴክስት መጣ፦ «ወንድም ጌታሁን፣ ጌታ ታሪካችሁን ለክብሩ ተጠቅሞበታል። ብዙ ሰው ተነክቷል። ነገ ቢሮ ና።»

ታሪካችሁን። የእኛ ታሪክ ሆኖ ሳለ የእኛን ፈቃድ የጠየቀ የለም።

ንዴቴን ጌታ ይቅር ይበለኝ። ዛሬ መጸለይ አልቻልኩም። ውድነሽ ሳሎን ሶፋ ላይ ነው የተኛችው።

ረቡዕ

የምለውን በወረቀት ጽፌ ሄድኩ። ገብቼ ስቀመጥ ሁሉም ጠፋኝ።

መጋቢ ድምፁ ለስላሳ ነው። ሲቆጣም አይጮህም። «ስሟን ጠራሁ?» አለኝ።

«አልጠሩም። ግን ማን እንደሆነች ያላወቀ የለም።»

«ጌታሁን፣ በዚህ አገር ስንት ልጅ እንደሚጠፋብን ታውቃለህ። ወላጆች እንዲነቁ ብዬ ነው። ከስብከቱ በኋላ ሦስት እናቶች መጥተው አልቅሰዋል።»

«የእሷስ እናት?»

ቪዲዮው እንዲወርድ ጠየቅሁት። «እኔ እንዴት እንደሚወርድ አላውቅም፣ የሚዲያ ልጆቹን ንገራቸው» አለ።

«የሚዲያ ልጆች የሚሉት ሊዲያን ነው። ሲሰብኩ ላይቩን የያዘችው እሷ ነበረች።»

ፊቱ ተለወጠ። እዚያ መቀመጧን ያኔ ገና ያሰበው ይመስለኛል። መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ። ይቅርታ ሊለኝ ነው ብዬ ጠበቅሁ። ቀና ሲል ግን «የእህት ሰናይት ጊዜ አንተም አሜን ብለህ ነበር» አለኝ።

ብያለሁ። የዛሬ ሦስት ዓመት ነው። ባሏ ጥሏት የሄደ ጊዜ ሰናይት ለምክር እሱ ጋ ገባች፣ ከወር በኋላ «ባሏን ማክበር ያልቻለች አንዲት እህት» እያለ ሰበከባት። ዕንባዋን እየጠረገች ስትወጣ አይቻለሁ። የዚያን ቀን ማታ ለውድነሽ «ትንሽ ከረር አለ» ብያት ተኛሁ። ሽማግሌ ነኝ እኮ። እንዲህ ያለውን መናገር ሥራዬ ነበር።

ይህንንም ልጻፈው፣ እውነት ስለሆነ። አባቴ ደሴ ላይ ሲሞት የመኖሪያ ፈቃድ ወረቀቴ አላለቀም፣ መሄድ አልቻልኩም። ይኸው መጋቢ ሦስት ቀን እኛ ቤት ለቅሶ ተቀመጠ። እጅጌውን ሰብስቦ ሰሃን አጥቧል። ያን ሰውዬ የት ልክተተው?

ሐሙስ

ከሥራ ወጥቼ በቀጥታ አሌክሳንድሪያ ሄድኩ። ሰናይት ልብስ የምታስተካክልበት ሱቅ አላት። ስገባ የሙሽራ ቀሚስ ጫፍ እየሰፋች ነበር። አየችኝና ማሽኑን አላቆመችም።

«ሱሪ ነው?»

«አይደለም። ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት።»

አሁን ቆመ ማሽኑ።

«ያንተ ልጅ ላይ ሲደርስ ነው?»

«አዎ» አልኳት። ሌላ ምን እላለሁ? ቪዲዮውን አይታለች።

ክሩን በጥርሷ በጠሰች። «ጌታሁን፣ እሱ የሰበከውን ችዬዋለሁ። እኔን የገደለኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ሰባት ዓመት አብሬያችሁ አምልኬ አንድ ሰው አልደወለልኝም። ወንበሬ ባዶ መሆኑን አይታችሁ ሌላ ሰው አስቀመጣችሁበት።»

አንገቴን ደፋሁ። ደንበኛ ገባች። ሰናይት እሷን አስተናግዳ ስትጨርስ ልወጣ በሩ ጋ ደርሼ ነበር።

«ይቅርታህን ሰምቻለሁ። ዛሬ ግን ‹ምንም አይደለም› አልልህም» አለችኝ። «ልጅቷ ማውራት ከፈለገች ስልኬ ያው ነው። ከፈለገች። እንዳትገፋት።»



ዓርብ

ሊዲያ ሮክቪል ከካውንስለሯ፣ ከሥነ ልቦና አማካሪዋ፣ ጋር ቀጠሮ ነበራት። ውድነሽ ሥራ ስለነበረች እኔ ወሰድኳት። እስኪያልቅ መኪና ውስጥ ጠበቅሁ። ነገ ሽማግሌዎቹ በዚሁ ጉዳይ እንሰበሰባለን፤ እዚያ የማቀርባቸውን ሐሳቦች ጻፍኩ፦

፩. መጋቢ በመድረክ ላይ፣ በሕዝብ ፊት ይቅርታ ይጠይቅ።
፪. ቪዲዮው ይውረድ።
፫. በምክር የተሰማ ነገር ለስብከት አይውል።
፬. ሰናይት።

ስትወጣ ደስ እንዲላት ብዬ አነበብኩላት። ቀበቶዋን ሳታስር አየችኝ።

«ኖ። አንደኛው ኖ።»

«እንዴት? መድረክ ላይ አዋረደሽ፣ መድረክ ላይ ይቅርታ ይበል እንጂ።»

ከዚያ ወዲያ በእንግሊዝኛ ነው የተናገረችው። ሶሪ ሲልም ስለ እኔ ነው የሚያወራው አለች። ሰው ሁሉ ደግሞ ዞሮ ያየኛል፣ ደግሞ አሜን ይላል። እዚያ መድረክ ላይ ሁለተኛ መውጣት አልፈልግም አለች።

ይህ ጨርሶ አልታየኝም ነበር። አንደኛውን ሰረዝኩት።

«ቪዲዮውንስ? ፓስወርዱ አንቺ ጋ አይደል? እሑድ ማታውኑ ማጥፋት ትችይ ነበር።»

«እኔ ደብቄ ካጠፋሁት ያፈርኩ ነው የሚመስለው። አላፈርኩም። ታምሜ ነበር፣ እየተሻለኝ ነው። የተናገረው ሰው ራሱ ያውርደው።»

ሃያ ዓመቷ ነው። እኔ ሃምሳ አንድ።

ቀይ መብራት ላይ ስንቆም ይቅርታ አልኳት። ስለ እሱ አይደለም፣ ስለ እኔ። ሚስጥሯን ይዤ እንደሄድኩ፣ ሸክሜን ለማቅለል ብዬ የእሷን ነገር እንዳስረከብኩ ነገርኳት። ረዘም አድርጌ ልቀጥል ስል አቋረጠችኝ።

«ጀስት አስክ ሚ፣ ዳድ። ኔክስት ታይም አስክ ሚ።»

መጀመሪያ እኔን ጠይቀኝ ማለቷ ነው። መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። ከኋላችን ያለው መኪና ጥሩምባ ነፋ። ስለ ሰናይት ስልክ ነገርኳት። «ሜይቢ» አለች፣ ምናልባት። አልገፋሁም።

ቅዳሜ

ስብሰባው ግሪንቤልት፣ ጋሽ ታደሰ ቤት ነበር። የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ እሳቸው ናቸው፤ ሰባ አራት ዓመታቸው ነው፣ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። አምስታችንም መጣን። መጋቢም መጣ፣ ከሁሉ ቀድሞ።

ሊዲያ የፈቀደችልኝን ብቻ ተናገርኩ። የበሽታዋን ስም አልጠራሁም። አንዱ ሽማግሌ «የቤተ ክርስቲያን ገመና አደባባይ እንዳይወጣ በፍቅር እንያዘው» አለ። እንዳልቆጣ ለራሴ ምዬ ነበር።

«የልጄ ገመና ሲወጣስ የት ነበርን?» አልኩ። «እኔን ጨምሮ ነው የምላችሁ። ሰናይት ላይ ሲሆን እኔም ተቀምጬ ሰምቻለሁ።»

ጋሽ ታደሰ ጉልበታቸውን እያሹ ወደ መጋቢ ዞሩ።

«አብርሃም፣ እኔ ልጅ ሆኜ በግ ጠብቄያለሁ። በግ ሲሰበር እረኛ ይሸከመዋል። ሰብሮት የሚሸጥ ነጋዴ ነው። አንተ ነጋዴ አይደለህም፣ አውቅሃለሁ። ግን ሁለት ጊዜ እንደዚያ አደረግክ።»

ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። ከስንት ዘመን በኋላ መጋቢን በስሙ ብቻ ሲጠራ የሰማሁት ዛሬ ነው። መጋቢ መጀመሪያ «ለሕዝቡ ብዬ ነበር» አለ። ቀጥሎ «ሰው ሲያለቅስ ሳይ ደስ ይለኛል። ስብከቱ የሠራ ይመስለኛል» አለ። ከዚያ ማንንም አላየም፣ ምንጣፉን ነው ያየው።

የተወሰነው፦ ቪዲዮውን ራሱ ያወርዳል። በምክር የሰማውን፣ ስም ቢደብቅም፣ ባለቤቱ ሳይፈቅድ አይሰብክም። ሰናይት ጋ እኔና እሱ ሳንሆን መጀመሪያ ጋሽ ታደሰ ደውለው እንድናነጋግራት ትፈልግ እንደሆነ ይጠይቃሉ። ከአምስታችን አንዱ አልተስማማም። ይሁን።

እኔ ከሽማግሌነት ልውረድ አልኩ። ሚስጥር ያልጠበቅሁ እኔም ነኝ። ጋሽ ታደሰ «ዛሬ ይህንን አንሰማም፣ ሽሽት ይመስላል» አሉኝ። ሽሽት ይሆን? አላውቅም። ደብዳቤውን ጽፌ ኪሴ ውስጥ ነው ያለው።

ለውድነሽ ሁሉንም ነገርኳት። እራት ላይ ወጡን አሳለፈችልኝ። ሌሊቱን ሶፋው ላይ ትሁን መኝታ ቤት አላውቅም፣ አልጠየቅኳትም።

እሑድ

ውድነሽ መኝታ ቤት ገባች። ጀርባዋን ሰጥታኝ ቢሆንም።

ቤተ ክርስቲያን አልሄድንም። ከስንት ዓመት በኋላ እሑድ ጠዋት ቤት መቀመጥ እንዴት ግራ ያጋባል። ሦስታችንም ኩሽና ውስጥ ነበርን። ሊዲያ ሲሪያል እየበላች፣ ውድነሽ ሻይ እያፈላች። ስልኬ ጮኸ። መጋቢ ነው። ስፒከር ላይ አደረግሁት፤ ከእንግዲህ ደብቄ ማውራት አልፈልግም።

«ወንድም ጌታሁን፣ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጫለሁ። የትኛውን ነው የምጫነው?»

እኔም አላውቅም። ውድነሽን አየኋት፣ ትከሻዋን ነቀነቀች። ሊዲያ ማንኪያዋን አስቀምጣ ፍሪጁ ላይ ከተለጠፈው ማስታወሻ ወረቀት ቀደደችና ሦስት መስመር ጽፋ ወደኔ ገፋችው። አነበብኩለት። መጀመሪያ እዚህ ይግቡ። ከዚያ ነጥቦቹን። ከዚያ ዲሊት። እየደገመ፣ ቀስ እያለ ተከተለ። አንዴ ተሳስቶ ወጣ፣ ተመልሶ ገባ።

«ጠፋ» አለ።

ሊዲያ ስልኳን ከፍታ አየች። ራሷን ነቀነቀች። ጠፍቷል። ለሳምንት ስንት ሰው እንዳየው፣ ማን ጋ እንደደረሰ፣ ያንን የሚያጠፋ የለም። ግን ያወረደው እሱ ነው።

መጋቢ ገና መስመሩ ላይ ነው። አልዘጋም።

«ሊዲያ አጠገብህ ናት? ላናግራት እችላለሁ?»

አፌን ልከፍት ነበር። በልማዴ «አዎ፣ ይኸው» ልል። ቆምኩ። እንዳይሰማን ስልኩን ሚዩት አድርጌ ጠየቅኳት።

«ኖት ዬት» አለች።

ሚዩቱን አነሳሁ። «ገና ነኝ አለች» አልኩት። ምክንያቷን ጠየቀኝ፣ እንዴት እንደሆነችም ጠየቀኝ። ከራሴ አንድ ቃል አልጨመርኩም።