ለሁሉም አንድ ሹራብ ያለበሱት መምህርት የሕይወት ታሪክ

እህታችን ከጫማ ሰፊው አባታችንና ከልብስ አጣቢዋ እናታችን፣ ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ቤት፣ በ1947 ዓ.ም. ተወለዱ። የቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ስለነበሩ ከእሳቸው በታች ላለነው ሁሉ «እታለም» ነበሩ። እናታችን ምላሳቸውን አይተው «ይቺ ልጅ ወይ ዳኛ ትሆናለች ወይ ስትደበደብ ትኖራለች» ይሉ ነበር። ሁለቱም ቀርቶ የኬሚስትሪ አስተማሪ ሆኑ።

ትምህርታቸውን በመንግሥት ትምህርት ቤት ጨርሰው ከመምህራን ኮሌጅ በ1968 ዓ.ም. ተመረቁ። በ1972 ዓ.ም. ጉብታው ላይ ባለው፣ የባለጠጎች ልጆች በሚማሩበት ትምህርት ቤት ተቀጠሩ። ከሁለት ዓመት በኋላ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ከሆኑት ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው አንዲት ሴት ልጅ አፈሩ። ተማሪዎቻቸው በሹክሹክታ «ኮምጣጤ» ይሏቸው ነበር። ሰምተዋል፤ «ኮምጣጤ ቢያንስ እድፍ ያስለቅቃል» ብለው አልፈውታል።

ያ ትምህርት ቤት የቆመበት መሬት ከጉብታው ሥር ያለው ሰፈር በነፃ የሰጠው ነው። ቃሉም ግልጽ ነበር፤ በየክፍሉ የሰፈሩ ድሃ ልጆች በነፃ ይማሩ ተብሎ ነው የተሰጠው። ቦርዱ ግን ግዴታውን ቸርነት እያለ ሲጠራ ኖረ። በዓመት አንድ ቀን ለጋሾች ይጋበዛሉ፤ ለጋሾቹ ድሃውን ከሀብታሙ ለይተው ለማየት እንዳይቸገሩ ተብሎም በነፃ ለሚማሩት ልጆች ብቻ ቢጫ ሹራብ ተገዛ። የከፋዮቹ ሰማያዊ ነው። ቢጫዎቹ ተሰልፈው የምስጋና መዝሙር ይዘምራሉ። ዲግሪያቸውን ግድግዳ ላይ የሰቀሉ ሰዎች ጠረጴዛ ከበው፣ ውኃ እየተጎነጩ፣ መክረው ዘክረው የደረሱበት ሐሳብ ይኸው ነው። መማር እንዲህ ከሆነ ይቅር ያሰኛል።

ልጆቹ ሹራቡን የትምህርት ቤቱ በር ላይ ሲደርሱ አውልቀው ቦርሳ ውስጥ ይከቱትና ሲንዘፈዘፉ ይውሉ ነበር። እህታችን ይህን አይተው ለቦርዱ ደጋግመው አመለከቱ። የቦርዱ ሊቀመንበር «ቢጫው እኮ ክብራቸው ነው» ብለው መለሷቸው። በ1999 ዓ.ም. ምክትል ርእሰ መምህርት ሳሉ የደንብ ልብስ ማዘዝ የእሳቸው ሥራ ሆነ፤ ማንንም ሳያማክሩ ለትምህርት ቤቱ ልጅ በሙሉ ቢጫ ሹራብ አዘዙ።

የለጋሾቹ ቀን ደረሰ። አንድ ትልቅ ሥራ ተቋራጭ በግቢው ሙሉ ቢጫ ቢያይ ግራ ገባው፤ ቀረብ ያለውን ድንቡሽቡሽ ልጅ ራሱን እየዳበሰ «አይዞህ የኔ ልጅ፣ ድህነት አያሳፍርም፤ ጠንክረህ ከተማርክ ሰው ትሆናለህ» ብሎ እርሳስና ብስኩት ሰጠው። ልጁ የሊቀመንበሩ ልጅ ነበር። ከአባቱ የተሻለ ጨዋ ነውና አመስግኖ ብስኩቱን በላ።

ሊቀመንበሩ አንቱታውን ጣል አድርገው «ልጄን ለማኝ አስመሰልሽው» ብለው በሰው ፊት ጮኹ። እህታችን ድምፃቸውን እንኳ ከፍ ሳያደርጉ «ክብር ነው ያሉት እርስዎ አይደሉም እንዴ? ለልጅዎ ሲሆን ክብሩ በዛበት?» አሏቸው።

በሳምንቱ ከሥራ ተሰናበቱ። ጋዜጠኞች ቤታቸው ድረስ መጥተው ሲያንኳኩ ቦርዱ ደነገጠ፤ ሽማግሌም ላከ። ስምምነቱ ይህ ነበር፦ እሳቸው በሕይወት እስካሉ ስለ መሬቱም ስለ ሹራቡም ለማንም አንዲት ቃል አይናገሩም፤ ቦርዱም የሰፈሩን ልጆች አይነካም፣ ሹራቡም ለሁሉም አንድ ይሆናል። ለእታለም ዝም ማለት ምን ማለት እንደሆነ አብረናቸው ያደግን እናውቃለን። «ሰርቀው ነው የተባረሩት» የሚል ወሬ ሲነዛ እንኳ ባለቤታቸው «ኧረ ተናገሪ እንጂ» ቢሏቸው «ልጆቹ ይማሩ» ብለው ዋጡት። ወሬውን ማን እንደነዛው ደግሞ አገር ያውቃል።

በ2015 ዓ.ም. ደም ግፊት ጣላቸው፤ አንድ ጎናቸውም አንደበታቸውም ተያዘ። ሴት ልጃቸውና ባለቤታቸው ቀን ከሌት አስታመሟቸው። ቦርዱም መናገር እንደማይችሉ ሰማ፤ ሰምቶም ወር ሳይሞላ ከመጪው ዓመት ጀምሮ በነፃ መማር መቅረቱን አስታወቀ። እነዚህ ጀግኖች፣ አንዲት ሴት አልጋ ላይ ውላ አንደበቷ እስኪያዝ ነበር የሚጠብቁት። አንዲት የሰፈሩ እናት ልጇን ይዛ መጥታ ነገረቻቸው። እህታችን በደህናው እጃቸው የአልጋውን ብረት እየደበደቡ አለቀሱ።

ጥር 6 ቀን 2016 ዓ.ም. አረፉ። ባለቤታቸው፣ ሴት ልጃቸው፣ ሁለት የልጅ ልጆቻቸው፣ እኛ ወንድሞቻቸውና እህታቸው፣ እንዲሁም ቆጥረን የማንጨርሳቸው ተማሪዎቻቸው በሐዘን ቀርተናል።

የቦርዱ አባላት ዛሬ ጥቁር ለብሰው ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። የአበባ ጉንጉን ይዘው መጥተዋል፤ ቤተ ሙከራውንም በስማቸው እንሰይም ብለው ቤተሰቡን ጠይቀዋል። ቤተሰቡ ስማቸውን አይሰጥም። አበባውንም ስትወጡ ይዛችሁ ውጡ። ዝም እላለሁ ብለው ቃል የገቡት እሳቸው ናቸው፤ እስከ መጨረሻው ጠብቀውታል። እኛ ቃል አልገባንም። ከቀብር መልስ ከሰፈሩ ወላጆችና ልጆች ጋር የምንሄደው ወደ ቤት ሳይሆን ወደ ትምህርት ቤቱ በር ነው።

ፈጣሪ የእህታችንን ነፍስ ያሳርፍ። እኛን ግን ልጆቹ ክፍላቸው እስኪገቡ አያሳርፈን።