ለኸሊል ስለመረጥነው ወፍራም ሶፍት

በኦሃዮ፣ ካናል ዊንቸስተር ለሰፈራችን የቤት ባለቤቶች ማኅበር የቦርድ ሰብሳቢ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎ፣ ባለቤትዎና በአራቱም ማዕዘን እኩል የታጨደው ሣርዎ እንደምን ከረማችሁ እያልኩ፣ በዚህ ክፉ የ2020 ዓመት ትኩሳትም ሳልም ደጃችሁን ሳይረግጥ ይህ ደብዳቤ እንዲደርሳችሁ እመኛለሁ። በአማርኛ መጻፌን አይቀየሙብኝ፤ ኤፕሪል ላይ በሁለት ቀን ውስጥ ሦስት ጊዜ በእንግሊዝኛ ኢሜይል አድርጌልዎ መልስ ስላጣሁ ጥፋቱ የቋንቋው ይሆናል ብዬ ነው።

መሊካ እባላለሁ፤ ጥጉ ላይ ያለው ግራጫ ቤት ነዋሪ ነኝ። ባለቤቴ ኸሊል ከሚሠራበት የዕቃ መጋዘን፣ ከዌርሃውሱ፣ ኮቪድ ይዞ ሲመጣ፣ አንድ ሻወር ቤት ባለው ቤታችን ስኳርና አስም ያለባቸው የሰባ አንድ ዓመት እናቱ፣ እትዬ ሞሚና፣ አብረውን ነበሩ። ሐኪሙ ሁለት ሳምንት ይለይ ስላለ፣ የሥራ ባልደረባው ጀማነህ ከቤተ ክርስቲያኑ ሰዎች ጋር ካምፒንግ የሚወጣበትን፣ አልጋና ሽንት ቤት ያለውን ትሬይለር በመኪናው ጎትቶ ከደጃችን የመኪና መግቢያ፣ ድራይቭዌያችን ላይ አቆመልን። እርስዎን ያስቀየመው ትሬይለር እንግዲህ ይኸው ነው። ጥፋቶቻችንን በተራ ልናዘዝ።

አንደኛ፦ ሶፍት መምረጥ አለመቻላችን። ጀማነህ ቁልፉን ሲሰጠኝ የትሬይለር ሽንት ቤት እንደ ቤት እንዳልሆነ፣ ሁሉም ነገር የሚወርደው ከሥር ወዳለ ታንከር እንደሆነ፣ ስለዚህ ውሃ ሲነካው የሚሟሟ ስስ ሶፍት ብቻ መግዛት እንዳለብኝ አስጠንቅቆኝ ነበር፤ ከተጠራጠርሽ ጠርሙስ ውስጥ ከውሃ ጋር ነቅንቂው፣ ካልተበታተነ ተዪው አለኝ። ሶፍት ከገበያ በጠፋበት በዚያ ሰሞን ስንት ሱቅ ዞሬ ክሊቭላንድ አቬኑ ካለ የሐበሻ ሱቅ አራት ጥቅል ስስ አገኘሁ። ብነቀንቀው ወዲያው ሟሟ። እትዬ ሞሚና ግን በጣታቸው ዳበስ አድርገው፣ ልጄ ታሞ ይቺን ነው የምትልኪለት፣ ሰው ምን ይለናል አሉኝ። ክቡርነትዎ ላያውቁት ይችላሉ እንጂ፣ በእኛ ዘንድ ለታመመ ሰው የሚወጣለት የቤቱ ደህናው ነው። ጠያቂው ሁሉ ገብቶ በሽተኛውን ማየት ስለተከለከለ፣ በብርቱካን ፈንታ ያኔ ከምንም በላይ የተወደደውን ባለ አበባ ወፍራም ሶፍት ትሬይለሩ ደጃፍ እያስቀመጠ ይሄድ ነበር፤ ሃጀር የምትባል ወዳጃችንማ ከልጆቿ ቀንሳ ነው ያመጣችው። እኛ በውሃ የምንጸዳ ሰዎች ነን፤ ሶፍቱ ለማድረቂያ ብቻ ነው። ቢሆንም ንፉግ ምራት ከምባል ብዬ ስሱን ወደ ቤት አስገባሁና ወፍራሙን ለኸሊል ሰጠሁት። በአምስተኛው ቀን ታንከሩ ተዘጋ።

ሁለተኛ፦ ሽታው። ሸተተ፣ አልክድም። የፍሳሽ መጣጩን መኪና ብጠራ ለሰኞ ቀጠሩኝ። እርስዎ ግን ለሰፈሩ አየር ስለሚቆረቆሩ ሐሙስ ዕለት ማስክዎን አጥልቀው፣ ርቀትዎን ጠብቀው መጥተው ትሬይለሩን በአራቱም ጎን ፎቶ አነሱት። ኸሊል ጥየቃ የመጡ መስሎት በትንሿ መስኮት እጁን አነሳልዎ። ፎቶው ላይ ወጥቶ እንደሆነ ቢልኩልኝ ደስ ይለኛል።

ሦስተኛ፦ ደንብ አለማወቃችን። ትሬይለር ከአርባ ስምንት ሰዓት በላይ እንደማይቆም በዚያው ዕለት በራችን ላይ ከለጠፉልን ወረቀት ተማርን። እስከ ሰኞ ብቻ ታገሡኝ ብዬ በእነዚያ ኢሜይሎች ለመንኩ፤ ብደውል ጸሐፊዎ ቦርዱ የሚሰበሰበው በሚቀጥለው ወር ነው አሉኝ። ትሬይለሩን የሚጎትተው መኪና ግን የቦርድ ስብሰባ አያስፈልገው ኖሮ ዓርብ ከሰዓት ከች አለ። ሁለት ሆቴል ደወልኩ፤ በሽተኛ ነው ስላቸው ሞልቷል አሉኝ። ኸሊል ብርድ ልብሱን ተከናንቦ ወረደና ወደ ቤት ገባ፤ ሌላ የሚገባበት አልነበረውም።

የቀረውን ቁጥር አልሰጠውም። ክፍሉን ዘግቼ እናቱን እንዳይገቡ ብለምን፣ የወለድኩትን በበር ቀዳዳ ነው የማየው ብለው አጥሚታቸውን ይዘው ገቡ። ከሳምንት በኋላ ሆስፒታል ተኙ፤ በአሥረኛው ቀን ነርሷ ስልኩን ጆሯቸው ላይ ይዛልን የስንብቱን ሸሃዳ አሰማናቸው። ሲያርፉ የእኛ ሰው አንድም አጠገባቸው አልነበረም። ኸሊል ድኗል። ሌሊት ሌሊት ያ ሶፍት ባይሆን ኖሮ ይላል፤ የመረጥኩት እኔ ስለሆንኩ እስክሞት ይቆጨኛል። ነገር ግን ክቡር ሆይ፣ የተዘጋው ታንከር ሰኞ ይከፈት ነበር።

እንግዲህ ድራይቭዌያችን ጸድቷል፣ ሽታውም ጠፍቷል፤ ለሰፈራችን ውበት ላሳዩት ትጋት አላህ የሥራዎን ይስጥልኝ።

ደንብዎን ዘግይታ የተማረች፣ ከሣርዎ አሳንሰው የማያዩዋት ታዛዥ ጎረቤትዎ፣
መሊካ

ማስታወሻ፦ በቀብሩ ማግስት መንገድ ዳር ስለቆሙ አሥራ ዘጠኝ መኪኖች የላኩት ማስጠንቀቂያ ደርሶናል። ቤት መግባት ስለማይቻል ሰው መኪናው ውስጥ እንደተቀመጠ፣ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ነበር የሚያለቅሰው። የማን እንግዶች እንደሆኑ በጽሑፍ እንድናስረዳ ጠይቀውናል፤ የእትዬ ሞሚና ናቸው።