በከሰዓት ንፋስ ላሠለጠነኝ አባቴ

አባዬ፣

ከተለየኸን አንድ ዓመት ከሦስት ወር ሆነ። ሰው ደብዳቤ ሲጀምር «ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነኝ» ይላል። እኔ ይህን አባባል የወረቀት ማሟያ ብቻ ይመስለኝ ነበር። አሁን ራሴ ስጽፈው የምጨምረውም የምቀንሰውም አጣሁ፤ ደህና ነኝ፣ ናፍቀኸኛል። የጻፍኩልህ ግን ላለቅስብህ አይደለም። ቤታችን ውስጥ አንድ ትልቅ ወሬ አለ። ይህን ወሬ አንተ ሳትሰማ ሌላው ሁሉ መስማቱ ሲያበሳጨኝ ሰነበተ።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። የብስክሌት መጠገኛ ሱቅህ አልተዘጋም። ማን እንደሚሠራበት ብትሰማ ባለህበት ሆነህ ትስቃለህ፤ እማዬ ናት። «ሴት ልጅ ብስክሌት ላይ ተፈናጥጣ አዳማን ስትዞር ጎረቤት ምን ይላል» እያለች ስንት ዓመት ስትጨቀጭቅህ የኖረችው እማዬ፣ ዛሬ ከጎማ ውስጥ ያወጣችውን ከመነዳሪ ውኃ ውስጥ ነክራ አረፋ የሚወጣበትን ቀዳዳ ስትፈልግ ትውላለች። አንተ አንዱን ቀዳዳ ስታገኝ ለጥፈህ ትሸኝ ነበር። እሷ ሁሉንም ሳትፈትሽ ደንበኛውን አትለቅም። ጭቃ የለበሰ ብስክሌት ይዞ የመጣን ሰውማ እንደ ልጇ ነው የምትቆጣው። ደንበኛ ግን አልሸሸም፣ እንዲያውም ጨምሯል፤ ይህን በመንገሬ አትቀየመኝ። ታናሼ ሜሮን ደግሞ በቁመት በልጣኛለች፣ የአንተን ጃኬት ትለብሰዋለች፣ እጅጌው ልክ ሆኖላታል።

አሁን ወደ እኔ ልምጣ። የሞትክ ሰሞን ብስክሌቴን ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት። አምስት ወር አልነካሁትም። ለማን ብዬ እንደምነዳ አላውቅም ነበር። አንድ ቀን እማዬ መጥረጊያዋን እንደያዘች ከፊቴ ቆመችና «ወይ ንጂው ወይ ልሽጠው፤ ቤቱን አጣበበብኝ» አለችኝ። በዚያው ሰሞን ቡልቡላ ያለው አጎቴ የእህል መጋዘኑን እንድይዝለት ለመነኝ። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው አባዬ፣ ቤት ተቀምጬ ግድግዳ ማየት አልችልም። ስለዚህ ከእማዬ ጋር ተስማማን፤ ለክልሉ ቡድን በሚደረገው የማጣሪያ ውድድር አንድ ጊዜ እወዳደራለሁ። የሚመረጡት ሦስት ሴቶች ናቸው። ከሦስቱ አንዷ ካልሆንኩ ብስክሌቱ ይሸጣል፣ እኔም ቡልቡላ ወርጄ ጤፍ እመዝናለሁ።

ብስክሌቱን ያወረድኩት ከሰዓት በኋላ ነበር። ሌላ ሰዓት ቢሆን አንተ አትወድም። የከተማው ብስክሌተኛ ሁሉ ንፋሱ ሳይነሳ ማለዳ ተለማምዶ ይገባል፤ አእምሮ ያለው ሰው እንደዚያ ነው የሚያደርገው። አንተ ግን ምሳህን በልተህ ሱቁ በር ላይ ትቆምና ተራራው ላይ የተተከሉትን የንፋስ ኃይል ማመንጫዎች ታያለህ። ክንፎቻቸው ሲያዘግሙ «ዛሬ እረፊ» ትለኛለህ። ሲፈጥኑ «ውጪ» ትለኛለህ። መልካሳ ደርሼ ስመለስ ጥርሴ ውስጥ አፈር ይንቋቋል፣ ዓይኔ ቀልቶ ያስፈራል። እማዬ «ልጄን በአቧራ ልትገድላት ነው» ትልሃለች፣ አንተ ደግሞ ብስክሌቱን ሳላጥብ ውኃ እንዳልጠጣ በዓይንህ ትጠብቀኛለህ።

አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ላይ ንፋሱ መሮኝ ዘዴ የፈጠርኩትን አትረሳም መቼም። ወዳጅህ ኦቦ ገመቹ በአይሱዙ ከዓለም ጤና ሽንኩርት ጭነው ሲመጡ ሞጆ ላይ እጠብቃቸዋለሁ። እሳቸው ፍጥነታቸውን ለእኔ መጥነው ይነዳሉ፣ እኔ ከጭነቱ ኋላ ተጠግቼ አዳማ እገባለሁ። አይሱዙው ንፋሱን ሲሰነጥቅልኝ የእኔ ሥራ እግር ማወዛወዝ ብቻ ነበር። ኦቦ ገመቹ አንድ ጊዜ ድንገት ፍሬን ቢይዙ ኖሮ ምን እሆን እንደነበር የገባኝ ዛሬ ነው። ያኔ ግን የማስበው ሰዓቴን ብቻ ነበር። በየቀኑ ሰዓቴን አሳይሃለሁ፣ በየቀኑ ያጥራል፣ በየቀኑ ልቤ ያብጣል። አንተም «ጥሩ» ብለህ ወደ ሥራህ ትመለሳለህ። በልቤ ምቀኛ ነው እንዴ እልህ ነበር፤ ይቅር በለኝ።

የውድድሩ ዋዜማ ደክሞኝ ብስክሌቱን ሳላጥብ አቆምኩት። ዘዴዬን ያጋለጠብኝ እሱ ነው። በማግስቱ ውድድሩ ላይ ከፊቴ አይሱዙ የለም፣ ያለው ንፋሱ ብቻ ነው፤ መጨረሻ ወጣሁ። መጨረሻ ስልህ አባባል አይደለም፣ ከኋላዬ የነበረው አምቡላንሱ ብቻ ነው። እያለቀስኩ ስመጣ ከኪስህ አንድ ነገር አውጥተህ መዳፌ ላይ አስቀመጥክ። ሲታይ የቀይ ሽንኩርት ገለፈት ነው። ማታውን ብስክሌቱን ስታጥብልኝ የካቴናው ሰንሰለት ውስጥ ተሰክቶ አግኝተኸዋል። «አይሱዙው ጎበዝ ነው፤ አንቺ ግን ገና ነሽ» አልከኝ።

ሦስት ቀን አኮረፍኩህ። ከውድድሩ በፊት ለምን እንዳልነገርከኝ ስጠይቅህ፣ ብትነግረኝ ኖሮ ገለፈቱን አራግፌ እንደምመጣ እንጂ አይሱዙውን እንደማልተወው ነገርከኝ። እውነትህን ነበር፤ ይህንኑ አስቤ ነበር። ኦቦ ገመቹንም ሱቅ ጠርተህ ሻይ ካዘዝክላቸው በኋላ እንደ ተማሪ ገሠጽካቸው። ሻዩ ቀዘቀዘባቸው።

ከዚያ በላይ ያበሳጨኝ ሌላው አመልህ ነው። የተሸነፍኩላትን ሁሉ ሄጄ ሰላም ብዬ ምን እንደምታደርግ እንድጠይቅ ታዘኝ ነበር። ያን ቀን ያሸነፈችው የመቂዋ ሃዊ ነበረች። ፊቴ በእንባና በአቧራ ጭቃ ሆኖ ሄድኩና ጠየቅኳት። ሳቀችና ከምሽቱ ሁለት ሰዓት እንደምትተኛ ነገረችኝ። ሌላ ምስጢር ጠብቄ ስለነበር ያሾፈችብኝ መሰለኝ። አንተ ግን ቤት ስንገባ ለሁሉም አወጅክ፤ ሁለት ሰዓት ሲሆን መብራት ይጠፋል፣ ቴሌቪዥን ይዘጋል። ሜሮን ድራማዋ መካከል ላይ ስለተቋረጠ እስከ ዛሬ መጨረሻውን አላወቀችም። አንተም እንቅልፍ ሳይኖርህ ከእኛ እኩል ትተኛ ነበር። ስትገላበጥ አልጋው ሲንቋቋ እንሰማለን፣ ከብርድ ልብስ ሥር እንስቃለን። እኔ ብቻዬን እንዳይከፋኝ ብለህ እንደሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው።

ይህ ሁሉ ወዲያው ፈጣን አላደረገኝም። ከመጨረሻ ወደ መካከል ለመድረስ ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። መካከል ላይ ደግሞ ብዙ ቆየሁ። በዚያ ሁሉ ጊዜ አንድ ቀን እንኳ ጎበዝ ብለኸኝ አታውቅም። ይህን ቂም ይዤብህ ነበር፣ አልዋሽህም። ለቅሶህ ላይ ድንኳኑ ውስጥ ኦቦ ገመቹ አጠገቤ ተቀምጠው እጄን ያዙና «ጃባዹ፣ በርቺ ልጄ» አሉኝ። ቀጥለውም «አባትሽ ሻይ ቤት ስንገናኝ ስለ አንቺ ካልሆነ ወሬ አያውቅም ነበር፣ እውነቴን ነው ሰልችቶን ነበር» አሉኝ። እኔ ስጠብቀው የኖርኩትን ቃል ለሾፌር ሁሉ ስታድለው ኖረሃል። ያን ቀን ከሐዘኔ ይልቅ ንዴቴ በለጠ። አሁን ሳስበው ያስቀኛል፤ አንዳንዴ ግን አሁንም ያናድደኛል።

ወሬው ይኸውልህ። ማጣሪያው ከዓለም ጤና ተነስቶ ቡልቡላ የሚያልቅ ነበር። ለሰባት ወር በንፋስ ስለተለማመድኩ እስከ ባቱ ድረስ ከፊተኞቹ ጋር ነበርኩ፤ ስድስት ነበርን፣ ሃዊም አለች። ከባቱ እንደወጣን ካቴናዬ ወለቀ። ወርጄ ቀና ስል አምስቱም ሄደዋል። የመጣልኝ ምን መሰለህ? ሱቁ በረንዳ ላይ ዓይኔን በፎጣ አስረህ ካቴና ስታስገባኝ፣ ወዳጆችህ ሾፌሮቹ ከበውኝ «ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ» እያሉ ሲቆጥሩብኝ። ያኔ አፍሬ አልቅሼ ነበር። አሁን ግን በአንድ ጊዜ መለስኩት፤ ሾፌሮቹ ቢኖሩ አምስት ሳይሉ ብስክሌቱ ላይ ነበርኩ።

ብቻዬን ቀረሁ። ንፋሱ ፊት ለፊት ነው። አንድ ሁለት ጊዜ ይበቃኛል፣ ጤፍ መመዘንም ሥራ ነው ብዬ አሰብኩ። ግን ይህን ንፋስ አውቀዋለሁ፤ ስንት ከሰዓት አብረን አሳልፈናል። አንገቴን ደፍቼ ቀጠልኩ። አምስቱ እርስ በርስ እየተጠባበቁ፣ ንፋሱን ከፊት ሆና መቀበል የፈለገች ጠፍታ ፍጥነታቸው ወድቆ ነበር። ቡልቡላ ልንገባ ስንል ደረስኩባቸው። ትንፋሼን ሳልሰበስብ የመጨረሻው ሩጫ ተጀመረ። ሃዊ አንደኛ ወጣች፣ አንዲት የሻሸመኔ ልጅ ሁለተኛ። እኔ ሦስተኛ። አራተኛዋ ጎማዋ ከጎማዬ ጎን ነበር።

ተመርጫለሁ አባዬ። አጎቴ ሠራተኛ አመለጠኝ ብሎ ሲያዝን፣ እማዬ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ እልል ስትል አየሁ። እኔ ግን መጀመሪያ የሄድኩት ወደ ሃዊ ነው፤ ዘንድሮ ምን ጨመርሽ ብዬ ጠየቅኳት። አሁን ምሳ ከበላች በኋላም ለአንድ ሰዓት ያህል እንደምትተኛ ነገረችኝ። ይህቺ ልጅ ነቅታ የምትውለው መቼ እንደሆነ እንጃ።

ባለፈው ሳምንት የቡድኑን ቅጽ ልሞላ ከእማዬ ጋር ቢሮ ሄድኩ። የአሠልጣኝ ስም የሚል ቦታ አለው። የአንተን ስም ሙሉውን ከነአያትህ ጻፍኩ። ጸሐፊው አሠልጣኙ መጥቶ ይፈርም አለኝ። አርፏል አልኩት። ወጣት ነው፣ ክፉ ሰው አይደለም፤ አዘነልኝና እንግዲያው በሕይወት ያለ ሰው ጻፊ፣ ያለ ፊርማ አላስተላልፈውም ብሎ ሌላ ቅጽ ሰጠኝ።  አንድ የክለብ ሰው ስም ብጽፍ ነገሩ ያልቅ ነበር። እጄ እምቢ አለኝ።

በር ላይ ስትጠብቀኝ የነበረችው እማዬ ገብታ አሠልጣኝ ማለት ምን ምን የሚሠራ ሰው እንደሆነ ጸሐፊውን ጠየቀችው። ልምምድ ያወጣል፣ አበላሏን ይከታተላል፣ ስታጠፋ ይነግራታል አላት። «ከእሱ ሞት ወዲህ ይህን ሁሉ የምሠራው እኔ ነኝ» አለችው። እውነቷን ነው፤ ከግድግዳው ያስወረደችኝ፣ የሱቁ በር ላይ ቆማ «ውጪ» የምትለኝ እሷ ነበረች፤ እኔ ግን እስከዚያ ቀን እንደ ሥልጠና ቆጥሬው አላውቅም። የመጀመሪያውን ቅጽ መልሳ ወሰደችና ከስምህ ሥር ስሟን ጻፈች፣ ፈረመችም። ጸሐፊው ትንሽ አየውና ማህተሙን መታበት።

ሰኞ ካምፕ እገባለሁ። ስምህን የጻፍኩት ለመታሰቢያ ብዬ አይደለም፣ ሌላ ብጽፍ ውሸት ስለሚሆን ነው። ወደፊትም በየደረስኩበት ማን አሠለጠነሽ ሲሉኝ አንድ ብስክሌት ጠጋኝ ነበር ብዬ እጀምርና ሰዎቹ እስኪሰለቻቸው አወራልሃለሁ። ጎበዝ ነበርክ አባዬ። በሕይወትህ ሳለህ እኔም ብዬህ አላውቅም።

ልጅህ አስቴር