የሞሚና ካርድ

ሰኞ፣ ኅዳር 5፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል

የሆስፒታሉ መርፌዎች እየፈሉ ነው። የጋዝ ምድጃው፣ ፕሪመሱ፣ ዛሬም አኩርፏል። ፋሻውን አጥቤ አሰጣሁ፤ ሰባት አንሶላ ቀረኝ። ከጭላሎ የሚወርደው ብርድ ጣቶቼን አደንዝዟቸዋል።

ደብተሬ፣ ረዳት አስታማሚ ማለት ምን እንደሆነ ልንገርሽ። ሌላው የሚጸየፈውን ሁሉ የሚነካ፣ ሌላው የሚነካውን እንዳይነካ የተከለከለ ሰው ነው። ፖፖ የእኔ። ደም የነካው ጨርቅ የእኔ። ሬሳ ማጠብም የእኔ። የበሽተኛ ካርድ ግን አይነካም! ከፈረንጁ ሐኪም ቀጥሎ ያሉት ዋናው ድሬሰራችን አቶ ታፈሰ ይህንን ጽፈው ከጃንሆይ ፎቶ ግርጌ ለጥፈውታል። ከእንግዲህ አቶ ታ. እላቸዋለሁ፤ ቀለም አላባክንላቸውም።

አዲስ አበባ የድሬሰርነት ትምህርት ሊጀመር ነው። ማመልከቻዬን ጽፌያለሁ፤ የጎደለው የእሳቸው ፊርማ ብቻ። ሦስት ሳምንት ኪሳቸው ውስጥ ተኝቷል። ዛሬም ጠየቅኩ፤ እናያለን አሉ። ምኑ ነው የሚታየው? እናቴ ደግሞ ከሳጉሬ ልካብኛለች፤ አንድ የእህል ነጋዴ ተገኝቷል፣ ምን ያንከራትትሻል ትላለች። ኤጭ!

ማክሰኞ፣ ኅዳር 6፣ ምሳ ሰዓት

ተናድጃለሁ።

ሞሚና የምትባል ልጅ ከዲክሲስ በበቅሎ መጣች። የስምንት ወር ነፍሰ ጡር። አማቷ አዴ ሹሬ አብረዋት አሉ። ሁለቱም አማርኛ የላቸውም። አቶ ታ. በአማርኛ ጠየቁ፣ ዝም ሲሏቸው እየጮኹ ጠየቁ። ጩኸት የሚያስተረጉም ይመስላቸዋል።

ልጅቷ ግንባሯን ይዛ ማታ፣ ማታ ትላለች። እሳቸው ጻፉ፦ ማታ ማታ ያማታል።

እግዚኦ! በኦሮምኛ ማታ ራስ ነው። ሳጉሬ ከጎረቤት ልጆች ጋር ስጫወት ያደግኩበት ቃል። ፖፖውን እንደያዝኩ ራሷን ነው የሚያማት፣ እግሯም አብጧል አልኳቸው። ረዳት ካርድ ላይ አስተያየት አይሰጥም አሉ። የሚያስተኛ ክኒን ሰጥተው አሰናበቷት። ሐኪሙ አላዩዋትም፤ እሳቸው ጋ የሚደርሰው አቶ ታ. የመረጡት ሰው ነው።

ሐሙስ፣ ኅዳር 8

ሞሚናን መልሰው አመጧት። በቃሬዛ። ከተማው ውስጥ ዘመድ ቤት ሁለት ሌሊት አድራ ዛሬ ጠዋት እንደሚጥል በሽታ ጣላት፤ ሰውነቷ ይገተራል፣ ምላሷን ነክሳለች። ፈረንጁ ሐኪም ሸሚዛቸው በላብ እስኪርስ ሠሩ። ተረፈች። ልቧ ይመታል፤ የሆዷም ልጅ ልብ ይመታል።

ከዚያ ሐኪሙ ካርዱን አነሱ። በዚያ በሚሰባበር አማርኛቸው ራስ ምታት እንዳለባት ለምን አልተጻፈም ብለው ጠየቁ።

አቶ ታ. ዓይናቸውን እንኳ አላሹም። “ረዳቷ ናት የተረጎመችው” አሉ።

ሳፋ ይዤ ቆሜያለሁ። ፊርማው ነው የታየኝ። ዝም አልኩ፣ ደብተሬ። ዝም።

አርብ፣ ኅዳር 9

ማመልከቻው ተፈረመ። ማኅተሙም አለበት። አቶ ታ. ራሳቸው አጠፍ አድርገው ሰጡኝ፤ ጎበዝ ልጅ ነሽ አሉኝ። አሁን ገና?

ከሐኪሙም ትእዛዝ መጣ። ከእንግዲህ ከበሽተኛ ጋር አልነጋገርም፤ እጥባለሁ፣ እጠርጋለሁ። ቋንቋ ያጣመመች ሌላ ምን ይደረግላታል? አዴ ሹሬ ኮሪደር ላይ ልጅቷ ውሃ ትጠጣ እንደሆነ ጠየቁኝ። አንገቴን ደፍቼ አለፍኩ። ያፈሩብኝ መሰለኝ። እኔስ?

እሑድ፣ ኅዳር 11፣ ከቀኑ 9 ሰዓት

ቶሎ ልጻፍ፤ ጊዜ የለኝም።

ጠዋት የሞሚናን አንሶላ ስቀይር ቀሚሴን ጨብጣ ያዘችኝ። በኦሮምኛ፣ በሹክሹክታ፣ ፊትሽ አይታየኝም አለችኝ። ከነጋ ጀምሮ ብርሃኑ እየጨለመባት ነው። ራሷም እንደገና ጀምሯታል። አቶ ታ. አጠገባችን ነበሩ፤ እየቃዠች ነው ብለው አለፉ።

ምን ልሁን? ማመልከቻው ጋዋኔ ኪስ ውስጥ ነው። ስራመድ ይንኮሻኮሻል።

ሐኪሙ ቢሮ ሄድኩ። ሳላንኳኳ ገባሁ። ዓይኗ እየጠፋ እንደሆነ፣ ራሷን እንደሚያማት ነገርኳቸው። ከበሽተኛ ጋር እንዳትነጋገሪ አላልኩሽም አሉ። ያን ጊዜ ወጣልኝ።

“ዶክተር፣ የተረጎምኩት እኔ አይደለሁም። ራሷን ነው ብዬም ነበር፤ የሰማኝ የለም።”

ለምን እስከ ዛሬ ዝም አልሽ አሉ። ወረቀቱን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት፤ ለዚህ ብዬ አልኳቸው። አንድ ጊዜ አዩኝ፤ ያ አስተያየት ከስድብ ይከፋል። ከዚያ ወደ ሞሚና ሮጡ።

አቶ ታ. ኋላዬ በር ላይ ነበሩ። ወረቀቱን አንስተው ለአራት ቀደዱት። እንኳን ቀደዱት ልላቸው ነበር፣ ግን አለቀስኩ። ስንት አንሶላ ነው ያጠብኩት ለዚያች ወረቀት! ትምህርቱ ቀረ። ነገ ከሥራም ሊያስወጡኝ ይችላሉ፤ የበላዬ እሳቸው ናቸው።

አሁን ሐኪሙ ልጁ ዛሬውኑ መውጣት አለበት አሉ። ይህንን ለአዴ ሹሬ ማን ያስረዳል? እኔ። ሞሚናን ሲያዋልዷት ማን ይነግራታል፣ አምጪ፣ ተንፍሺ፣ አይዞሽ ብሎ? ትእዛዙን ያነሳልኝ ሰው የለም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ቢያባርሩኝም ልጁ ሳይወለድ ከአልጋዋ አልነቃነቅም።

ሐኪሙ እጃቸውን እየታጠቡ ነው። ስሜን እየጠሩ ነው፤ ልሂድ።