ስግደትን «ወደቀች» ላለው ሰዓትዎ

ለክብርት ወይዘሮ ፍቅርተ፣ የላቪንግተኑ ምግብ ቤታችን ባለቤት፦

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። የእኛን አልነግርዎትም፤ በስልክዎ ከእኛ ቀድመው ያውቁታል። «ለጤናችሁ ነው» ብለው በየእጃችን ስማርት ሰዓት ስላሰሩልን ምስጋናችን ወሰን የለውም። ሆኖም ጥቂት ቅሬታ አለኝና ድፍረቴን ይቅር ይበሉኝ።

1ኛ. ሰዓቱ ሳንራመድ ስንቆይ ያሳብቃል። ሆዴን አሞኝ ሽንት ቤት የተቀመጥኩ ዕለት፣ በሠራተኞች ግሩፕ ላይ «ኢዮኤል፣ ምነው ቆምክ?» ብለው ስለጠየቁኝ፣ ይኸው እስከ ዛሬ ሳህን አጣቢው ሁሉ በዚሁ ሰላምታ ይቀበለኛል።

2ኛ. ይህኛው አያስቅም። ወጥ ሠሪያችን እትዬ ዓለምፀሐይ የስቅለት ለት ሰዓቱን እንዳሰሩ ቤተ ክርስቲያን ይሰግዱ ነበር። ሰዓቱ ስግደት አያውቅም፤ ግንባራቸው ምንጣፍ በነካ ቁጥር «ወደቀች» እያለ ለእርስዎ ላከ። እርስዎም በደግነትዎ አምቡላንስ ሰደዱ። ሁለት ሰዎች ከነጫማቸው ገብተው «ፖሌ ማማ» እያሉ፣ በስዋሂሊ አይዞሽ ማለታቸው ነው፣ ጾመኛዋን በቃሬዛ አፋፍሰው ወጡ። ነጠላቸው ወልቆ መሬት ቀረ።

እዚህ ላይ የማፍርበት አለ። ሰዎቹ «ዓለምፀሐይ የትኛዋ ናት?» ሲሉ፣ እዚያው ከኋላ ቆሜ በጣቴ ያሳየሁት እኔ ነኝ፤ ጥሩ ሳቅ ይወጣዋል ብዬ። እትዬ ግን ቃሬዛው ላይ ሆነው «ልጄ፣ እየሰገድኩ ነው፤ ንገራቸው እንጂ» ብለው ሲያዩኝ ሳቄ አፌ ላይ ደረቀ። ስዋሂሊ እንደ ውኃ የምጠጣው እኔ፣ አንዲት ቃል ሳልተነፍስ ቀረሁ።

3ኛ. ሐኪም «ጤነኛ ናቸው» ብሎ ቢመልሳቸውም፣ እርስዎ «የምትወድቅ ሴት እሳት ዳር አትቆምም» ብለው ከወጥ ቤት አስወጧቸው። አበሻው ሁሉ የሚጥል በሽታ አለባቸው ማለት ጀምሯል፤ እሳቸውም አፍረው ከቅዳሴ ቀርተዋል። ስለዚህ ወደ ሥራቸው እንዲመልሷቸው፣ ጥሪውንም እንዳደርስ እኔን እንዲልኩኝ በትሕትና እለምናለሁ፤ ባዶ እጄን ደጃቸው የምቆምበት ፊት የለኝምና።

የልብ ምቱን እንኳ ከእርስዎ መደበቅ ያልቻለ፣
እጅ እየነሳ፣
ኢዮኤል፣ አስተናጋጅዎ

ማስታወሻ፦ ለአርአያነት በየዕለቱ ግሩፑ ላይ የሚለጥፉልንን የራስዎን ሰዓት ውጤት በአክብሮት ተመልክተናል። በስቅለት ለት አንዴም አልወደቁም። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጤናዎ ሙሉ ነው።