ሳንቲም የሚጎርሰው ቆጣሪ

ለወንድሜ ልጅ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? የለንደን ብርድ ያን ሳልሽን አልቀሰቀሰብሽም? እኛ ቦልተን ደህና ነን። አጎትሽ ከሞተ ወዲህ ቤቱ ጭር ብሏል፤ ለምጄዋለሁ። ከቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ አመጣለሁ፤ አንድ ገጽ ላይ እቀርና ሳልጨርሰው እመልሳለሁ።

ደብዳቤሽ ደርሶናል። ጊታር መቺያችሁ ጥሏችሁ ስለሄደ ግሌን ይምጣልን ብለሻል። አነበብኩለት። የዳቦ ቤት ልብሱን ሳያወልቅ ሻዩን እየጠጣ ሰማና፣ «እማ፣ እኔ ዕድል የለኝም። ቆጣሪው ነግሮኛል» አለኝ። ከዚያ ሊተኛ ፎቅ ወጣ።

ያን እሑድ ታስታውሺዋለሽ። ፓንክ የሚሉትን የጩኸት ሙዚቃ ትጫወታላችሁ ብለው መጠጥ ቤቶቹ ስለከለከሏችሁ፣ የዘፈን ሸክላ የሚያሳትመው ሰውዬ ሊሰማችሁ ከለንደን እኛ ሳሎን ድረስ መጣ። ግሌን ዐሥራ ሰባት ዓመቱ ነበር። አንቺ ከከበሮሽ ኋላ ተቀምጠሻል፤ ጃኬትሽን የያዘው መርፌ ቁልፍ ብቻ ነበር። የመጀመሪያው ዘፈን እንዳለቀ ሰውዬው ለግሌን ለንደን ክፍል እንደሚፈልግለት ነገረው። እኔ በሩ ላይ ቆሜ እሰማለሁ። የግሌን አባት የሞተው የጭነት መኪናው ለንደን መንገድ ላይ ተገልብጦ ነው፤ ያኔ ዓመትም አልሞላውም ነበር።

ሁለተኛው ዘፈን መሃል ላይ የመብራት ቆጣሪው የጎረሰውን ሳንቲም ጨረሰ፤ መብራቱ ጠፋና የኤሌክትሪክ ጊታሩ ዝም አለ። ያንቺ ከበሮ ብቻ ትንሽ ቀጠለ። ዘፋኛችሁ ደንከን፣ «አያችሁ፣ ንግሥቲቱ ሰምታን አጠፋችብን» ብሎ አሳቃችሁ። ግሌን አልሳቀም።

«እማ፣ ዐሥር ፔንስ የለሽም?»

የለኝም አልኩት። ኪሳችሁን ገለበጣችሁ። ሰውዬው የያዘው የወረቀት ገንዘብ ብቻ ነበር። ሱቁ ዝግ ነው፤ ጎረቤቶቹም ጩኸታችሁ ስላማረራቸው ብታንኳኩ አልከፈቱላችሁም። ሰውዬው ሰዓቱን አየ፤ ባቡሩ እንዳያመልጠው ሄደ። በዚያው ቀረ።

ጊታሩን አልሸጠውም፤ አልጋው ሥር ነው። አንዳንዴ ስጠርግ መጥረጊያው ይነካውና አንዲት ክር ትጮኻለች። መጥረግ አቁሜ እቆማለሁ። ከዚያ እቀጥላለሁ።

ቅዳሜ ማንችስተር ለሙዚቃ ዝግጅታችሁ ስትመጪ የሱን መልስ አትጠብቂ። እዚህ ድረስ መጥተሽ ውሰጂው፤ ስትመለሱም ለንደን ይዘሽው ሂጂ። በሩን እኔ እከፍትልሻለሁ።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር በጨርቅ የጠቀለልኩት ዐሥር ፔንስ አለ። ከዚያ እሑድ ጀምሮ ሁለት ዓመት ሽርጤ ኪስ ውስጥ ኖሯል። ለግሌን ስጪልኝ። ከየት አገኘሽው ካለሽ፣ ከእናትህ በይው።

እጅሽ አይዛል፤ የሚያንኳኳ እጅሽ የሚከፍት አይጣ።

አክስትሽ